ማንቆርቆሪያው የነገረን፣ ቦይለሩ የደበቀን

ተማሪዎቻችንን አስከትለን በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር ወደምትገኘው ቢዮ አዋሌ በወጣንበት ዕለት፣ ሻይ የጋበዙን አንዲት እናት ማንቆርቆሪያቸውን ከከሰሉ ላይ አንሥተው ሲያጋድሉት በውስጡ አንዳች ነገር ሲንኳኳ ሰማን። ተማሪዎቹ ክዳኑን ከፍተው ቢያዩ ወለሉና ጎኑ ነጭ ቅርፊት ለብሷል፤ ከቅርፊቱም ተሰብሮ የወደቀ አለ። «ይኼማ የውኃችን ዕዳ ነው፣ ልጆቼ» አሉ እናታችን፣ እንደ ማፈር ብለው። የሚያሳፍር ነገር ግን አልነበረበትም። በሶማልኛ «ቢዮ» ማለት ውኃ ነው፤ በስሟ ውኃ የተሸከመች ቀበሌ የውኃዋን ጠባይ በማንቆርቆሪያ ወለል ላይ ጽፋ አሳየችን።

የአካባቢው ምድር ኖራ ድንጋይ የበዛበት ነው። የአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በድሬዳዋ የተተከለውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የዝናብ ውኃ ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በኖራ ድንጋዩ መካከል ሲያልፍ ካልሲየምን በባይካርቦኔት መልክ አሟሙቶ ይወስዳል። ውኃው በሚሞቅበት ጊዜ ጋዙ ያመልጣል፤ ካልሲየም ካርቦኔትም ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ስኳርና የገበታ ጨው ውኃው በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ይሟሟሉ፤ ካልሲየም ካርቦኔት ግን በተቃራኒው ነው። ስለዚህ ቅርፊቱ የሚጋገረው እሳቱ በበረታበት፣ ማለትም እንዳይጋገር በምንፈልግበት ቦታ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል እናርም። ቅርፊት የያዘ ማንቆርቆሪያ ብዙ ከሰል ይበላል ይባላል። በእኛ ግምት ልዩነቱ አነስተኛ ነው፤ ከከሰሉ የሚመጣውን ሙቀት ይበልጥ የሚያግደው ከማንቆርቆሪያው ውጭ ያለው ስስ የአየር ሽፋን እንጂ ውስጡ የተጋገረው ቅርፊት አይደለምና። ጉዳዩ የሚከፋው ሙቀቱ ሲበረታ፣ ዕቃውም ሲታፈን ነው። ቦይለር የምንለው ይህንኑ ነው።

ስሌቱን ለአንባብያን እንተወው ዘንድ አልፈቀድንም። አንድ የፋብሪካ ቦይለር በእሳቱ አጠገብ ባለው ብረት ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 100 ኪሎ ዋት ያሳልፋል እንበል። የቅርፊቱ ሙቀት አስተላላፊነት በሜትር በኬልቪን 2 ዋት ገደማ ሲሆን የብረቱ 50 ያህል ነው። ቅርፊቱ 2 ሚሊ ሜትር ሲወፍር በሁለቱ ገጾቹ መካከል 100 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ይፈጠራል። 5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ልዩነቱ 250 ይሆናል። በ10 ባር ግፊት ውኃው የሚፈላው በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ከቅርፊቱ ጀርባ ያለው ብረት ከ430 ያልፋል ማለት ነው። ተራ ብረት በዚህ ሙቀት ላይ ለስልሶ ቀስ በቀስ መለጠጥ ይጀምራል። ይህ ሁሉ ሲሆን የግፊት መለኪያው ላይ የሚታይ ለውጥ የለም፤ እንፋሎቱም እንደ ወትሮው ይወጣል። «ይሠራል እኮ፣ ለምን እንነካካዋለን» የሚለው ቃል የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ብረቱ ከተቀደደ በኋላ የሚሆነውን በአጭሩ እናስቀምጥ። በዚያ ግፊት ያለ 100 ኪሎ ግራም ውኃ ድንገት ወደ ውጭው አየር ሲለቀቅ ወደ 15 ኪሎ ግራም የሚጠጋው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም ከነበረው ውኃ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ጊዜ በላይ ቦታ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በብሮክተን ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የቦይለር ደንብ ወደ መጻፍ የሄደው ከዚህ ዓይነት እልቂት በኋላ ነው።

ድሬዳዋ ለቦይለር እንግዳ አይደለችም። የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ከተማዋን የቆረቆረው በእሳትና በውኃ የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ነበር። ዛሬ ደግሞ ቦይለሩ በፋብሪካው ጓሮ ነው፤ ታናሽ ወንድሞቹም፣ የሆስፒታሉ አውቶክሌቭና የሆቴሉ የውኃ ማሞቂያ፣ በየጓዳው ናቸው። ከእነዚህ በአንዱ፣ ስሙን በማንጠቅሰው ድርጅት፣ የደህንነት ቫልቩ «ያፈስሳል» ተብሎ በሽቦ ታስሮ አይተናል። ቫልቩ ያፈሰሰው መቀመጫው ላይ ቅርፊት ገብቶበት ነበር። ማጽዳት ወይም መለወጥ ሲገባ፣ አፉን አሰሩት።

ለትምህርት በቆየንበት በጀርመን አገር የጭስ ማውጫ ጠራጊው ከነጥቁር ልብሱ በቀጠሮ መጥቶ የቤቱን ማሞቂያ ጭስ ይለካ ነበር፤ ሕግ ያዘዘው ሥራ ስለሆነ በሩን የሚዘጋበት የለም። በመጀመሪያው ዓመት ለዶክትሬት የመጣን እኛ ይህን ሰው በንቀት ማየታችንን ዛሬ እንናዘዛለን። የያዘው መሣሪያ በቤተ ሙከራችን ከነበረው ይሻል እንደነበር የገባን ቆይቶ ነው። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የጎደለን አጽጂውን እንደ ባለሙያ መቁጠር ነው። ቴርሞዳይናሚክስን ስናስተምር የእንፋሎት ሠንጠረዥ እናስጠናለን፤ ብዙ ተማሪ ግን ከእሳት የወጣ የቦይለር ቱቦ በእጁ ሳይዝ ይመረቃል። ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው።

ቦይለር የሚያዝ ሰው ምን ይሠራል? ውኃው ሳይገባ በፊት በጨው በሚታደስ ማለስለሻ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ካልሲየሙ በሶዲየም ይተካል። ከታች የሚከማቸውን ዝቃጭ በየቀኑ ይለቅቃል። በመስተዋቱ ቱቦ የውኃውን ከፍታ ያያል፤ ውኃው ከመስተዋቱ ጠፍቶ ካገኘው እሳቱን ያጠፋል እንጂ ውኃ አይጨምርም። በጋመ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መልቀቅ ፍንዳታ መጋበዝ ነውና። ለማጽዳት ሲከፍተው ነዳጁን ዘግቶ፣ ማብሪያውን ቆልፎ፣ ቀስ ብሎ አቀዝቅዞ፣ ግፊቱ ዜሮ መሆኑን አረጋግጦ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ ካለ አየሩ ይለካል፤ ደጅ የሚጠብቅ ሰውም ይቆማል። በእሳቱ በኩል ያለውንም ጥቀርሻ አይረሳም። የተደፈነ ጭስ ማውጫ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ክፍሉ ይመልሳል።

ለቤት ዕቃ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ በውኃ በጥብጦ ማሳደርና ደጋግሞ ማጠብ ይበቃል፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሆነ መጀመሪያ ከሶኬቱ ይነቀል። የባትሪ አሲድ የሚያፈስሱ አሉ፤ ይህ ቅርፊቱን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም ይበላል። አሲድን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ሳንባን ያቃጥላል።

ከቢዮ አዋሌ ስንመለስ እናታችን የሰጡንን የቅርፊት ስብርባሪ በወረቀት ጠቅልለን ይዘን መጣን። ኮምጣጤ ሲነካው አረፋ እየደፈቀ ሟሟ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆናችሁ አንባብያን የቤታችሁን ማንቆርቆሪያ ከጽዳት በፊትና በኋላ እኩል ውኃ በእኩል ከሰል አፍልታችሁ ደቂቃውን መዝግቡልን። በድሬዳዋ ውኃ በ96 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ አትርሱ። ልዩነቱ ትንሽ ነው ያልነው ስሕተት ሆኖ ካገኛችሁት በሚቀጥለው እትም ለማረም ዝግጁ ነን።