ላይተሩ ከመሳቢያው ይውጣ



ባለፈው ወር እዚህ ሎሎጎ በነጭ አንሶላ ላይ ያየነው የፈረንሳይ ፊልም ካለቀ ቆይቷል፤ ክርክሩ ግን አላለቀም። በውኃ ወረፋ፣ በቡና ላይ፣ በካርታ ጨዋታ መካከል የሚነሣው እሱ ነው። መከራከራችን መልካም ነው። ይሁንና እስካሁን የሰማኋቸው አስተያየቶች በሙሉ ከአንድ ነገር ለመሸሽ የተፈለጉ መንገዶች መስለው ስለታዩኝ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምጽፈው ማንንም ለማስቀየም አይደለም፤ የሚቀየም ቢኖር ግን የጻፍኩትን አልሰርዝም።

ፊልሙን ላላዩ ባጭሩ ላስታውስ። ርእሱ «ሥጋ ሻጩ» ነው፤ አዘጋጁ ክሎድ ሻብሮል፣ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ቦታው ትሬሞላ የምትባል ትንሽ የፈረንሳይ መንደር ናት። ስቴፋን ኦድራን የተጫወተቻት ኤሌን የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ስትሆን፣ ልጆቹን ከባልዛክ ድርሰት እያነበበች ታስጽፋለች። ዣን ያን የተጫወተው ፖፖል ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት በወታደርነት ኖሮ፣ በኢንዶቺናና በአልጄሪያ ተዋግቶ ወደ አባቱ ሉካንዳ የተመለሰ ሰው ነው። በአንድ አስተማሪ ሠርግ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ይወዳጃሉ። እሱ ምርጥ ሥጋ እንደ እቅፍ አበባ ጠቅልሎ ያመጣላታል፤ እሷ ለልደቱ ላይተር ትሰጠዋለች። ከዚያ በአካባቢው ሴቶች በቢላዋ ተወግተው መገኘት ይጀምራሉ። አንድ ቀን ኤሌን ተማሪዎቿን ጥንታዊ ዋሻ ካስጎበኘች በኋላ መክሰስ ሲበሉ፣ ከላይ ከገደሉ በአንዲት ልጅ ዳቦ ላይ ደም ጠብ ይላል። እዚያ የተጋደመችው ያች በሠርጉ ያየናት ሙሽራ ናት። አጠገቧም ላይተር ወድቋል። ኤሌን ላይተሩን ታነሣለች፤ ከፖሊስ ትደብቀዋለች፤ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለች።

አሁን ወደ አስተያየቶቹ ልምጣ።

አንደኛ፣ «ሰይጣን ገብቶበት ነው» ያሉ አሉ። ሲኒማ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ያኔ ሰይጣኑ ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀሰው ሥዕል ነበር። ዛሬ ሥዕሉን ስለለመድነው ሰይጣኑን ወደ ታሪኩ ሰው አዛወርነው። ነገር ግን ፖፖል በጠዋት ሉካንዳውን ይከፍታል፤ ሥጋ ይመዝናል፤ ለወዳጁ ጣሪያ ቀለም ይቀባል። ሰይጣን ነው ባልን ቁጥር ጎረቤት መሆኑን እንረሳለን። የሚያስፈራው ግን ጎረቤትነቱ ነው።

ሁለተኛ፣ «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ በእኛ አገር የለም» ያሉ አሉ። እውን የለም? እኔ የተወለድኩት ከቀይ ሽብር በኋላ ነው። ይሁን እንጂ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሬሳ በየመንገዱ ወድቆ ያድር እንደነበር ከወላጆቹ ያልሰማ የእኔ ዘመን ሰው ማን ነው? ገዳዮቹ ከሰማይ አልወረዱም፤ የሰፈር ልጆች፣ የቀበሌ ሹማምንት፣ አብዮት ጥበቃዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ በ1994 የተከፈተው ችሎት አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶ በታኅሣሥ 2006 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው። «በእኛ አገር የለም» የሚል ሰው ይህን ሁሉ መዝገብ ምን ሊያደርገው ነው? ልዩነቱ ጠፍቶኝ አይደለም። ፖፖል ብቻውን ገደለ፤ እነዚያ ደብዳቤና ማኅተም ነበራቸው። ለሟች እናት ግን ማኅተም ምን ይፈይድላታል?

ሦስተኛ፣ «አስተማሪዋ ብታገባው ኖሮ አይገድልም ነበር» የሚለው ነው። ይህን ያሉት ወጣቶች ናቸው፤ ብዙ ሳቅም ተከትሎታል። ወንድሞቼ ሆይ፣ ፊልሙን በደንብ አላያችሁም። ከሟቾቹ አንዷ ገና ያገባች ሙሽራ ነበረች፤ ጋብቻ ከቢላዋ አላዳናትም። ወንድ ለሠራው ግፍ ሴት እምቢ ማለቷን ምክንያት ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ጓዝ ነው። እባካችሁ እዚህ እንጣለው።

አራተኛውን የጻፈው ባለፈው ቁጥር የወጣው ወዳጄ ነው። «ጦርነት ያበላሸው ምስኪን» ይለዋል። ከሁሉም ለእውነት የሚቀርበው ይህ ነውና በቀላሉ አላልፈውም። ፈረንሳይ እስከ 1954 በኢንዶቺና፣ ከዚያ እስከ 1962 በአልጄሪያ ተዋግታለች። ፖፖል በእነዚያ አገሮች ስላየው ሬሳ ደጋግሞ ያወራል፤ የሚሰማው ግን የለም። ሻብሮል ያን ጦርነት አምጥቶ በጸጥተኛ መንደር ማዕድ ላይ አስቀምጦታል። እስከዚህ ድረስ ከወዳጄ ጋር ነኝ። የምለየው ምስኪን ብሎ በሚያበቃበት ላይ ነው። በዚህ ሰፈር ጦርነት ያላለፈበት ማን አለ? ልጁን የቀበረ አለ፤ ጆሮው የደነቆረ አለ፤ ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ አለ። እነዚህ ሰዎች ቢላዋ ይዘው ማንንም አላሳደዱም። ጦርነት ለገዳዩ ሰበብ ከሆነው፣ ሳይገድሉ የቀሩትን ምን ልንላቸው ነው? ለፖፖል ማዘን ይቻላል፤ እኔም መጨረሻው ላይ አዝኛለሁ። ኀዘን ግን ይቅርታ አይደለም፤ ይቅርታ ደግሞ የሟቾቹ እንጂ የእኛ የተመልካቾቹ አይደለም።

በዚያ ማታ ከሁላችን የተሻለ ጥያቄ የጠየቁት ቡና የሚያፈሉልን እናታችን ናቸው። «ለመሆኑ የሞቱት ልጆች ስማቸው ማን ነበር?» አሉ። ከተመልካቹ አንድ ሰው አልመለሰም። የገዳዩን ስም ግን ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይጠሩታል።

አሁን ስንሸሸው ወደ ከረምነው ነገር ልግባ። ላይተሩ።

ኤሌን ላይተሩን ስትደብቅ ሁላችን ጮኽን፤ «ተባባሪ!» ያለም ነበር። ቆየት ብሎ ፖፖል ልክ ያንኑ የሚመስል ላይተር ከኪሱ አውጥቶ ሲጋራዋን ሲለኩስላት በደስታ አለቀሰች። አንድ ዓይነት ላይተር ከየሱቁ ሊገዛ እንደሚችል አላጣችውም፤ ግን ማመን ፈለገች። ተመልካቹ በሞኝነቷ ሣቀ። እኔ አልሣቅሁም፤ ምክንያቱን ልናገር።

አገር ቤት በአንድ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳስተምር፣ የስምንት ተማሪዎች ስም የተጻፈበት ወረቀት በአጋጣሚ እጄ ገባ። ሳምንት ሳይሞላ ከስምንቱ አምስቱ ሌሊት ከማደሪያቸው ተወሰዱ። እስከ ዛሬ አልተመለሱም። የሰው እጅ ጽሑፍ የማይለይ አስተማሪ የለም። ያ ጽሑፍ በሠርጌ ቀን ሚዜዬ የነበረ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፌ ከአንድ መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ወዳጄ ቢሮዬ መጥቶ «እንዴት ያለ ጭካኔ ነው!» ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ደረቴ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ወረደልኝ። ይህ የእኔ ሁለተኛ ላይተር ነበር። ከዚያም አብረን ቡና ጠጣን። ስሰደድ መጽሐፉ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ኤሌንን ለመውገር ድንጋይ የሚያነሣ ካለ ከእኔ ይጀምር፤ ሲጨርስ ግን የራሱን መሳቢያ ይክፈት።

«ብናገርስ ማን ይሰማኛል? ስደተኛ ምን አቅም አለው?» የሚል ይኖራል። በቀይ ሽብር ጊዜ የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ አሜሪካ ገብቶ በአትላንታ ከተማ በአንድ ሆቴል ይሠራ ነበር። በዚያው ሆቴል አስተናጋጅ የነበረች አንዲት ኢትዮጵያዊት አየችው፤ አወቀችው። በእሱ ሥር የተሠቃየች ነበረች። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች፣ ሁሉም እንደኛው ስደተኞች፣ ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ1993 የአትላንታ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት፤ በ1996 የይግባኙ ፍርድ ቤት አጸናው፤ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። ሦስቱ ሴቶች ጦርም ሹመትም አልነበራቸውም። የነበራቸው ያዩትን አለመርሳትና አለመደበቅ ነው።

ዱላ አንሡ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በዚህ በተጨናነቀ ሰፈር በጥርጣሬ ጣት መቀሳሰር ከጀመርን ሌላ ቀይ ሽብር በገዛ እጃችን እንተክላለን። የምለው ሌላ ነው። እያንዳንዳችን ያየነውን ብቻ፣ የሰማነውን ከለየን በኋላ፣ ቀኑንና ቦታውን ጨምረን እንጻፍ። አሽገን እናስቀምጥ። የፍርድ ቀን ነገ ላይመጣ ይችላል፤ አትላንታ ላይ የመጣው ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ሲመጣ ግን «መጽሐፉ እዚያው ቀረ» የሚል መልስ ምስክርነት አይሆንም።

ፊልሙ ሲያበቃ ፖፖል በገዛ ቢላዋው ሞቷል፤ ኤሌንም ሲነጋጋ ወንዝ ዳር ብቻዋን ቆማለች። ፍርድ አልነበረም፤ የሚጠየቅ ሰው የለምና። እኛም የዓባይን ዳር ይዘን በየጠዋቱ ውኃውን እናያለን። የእኛ ገዳዮች ግን አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፤ ሚዜዬም አለ።

ትናንት ማታ በፋኖስ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። የስምንቱንም ተማሪዎች ስም አስታውሼአለሁ። ከተወሰዱት ከአምስቱ ሥር አሰመርኩ። የጸሐፊውንም ስም ጨመርኩ። በዚህ ወረቀት ላይ አላወጣውም፤ ቦታው ፍርድ ቤት ነው። ቡና ለሚያፈሉልን እናታችን ግን አምስቱን ስሞች በቃሌ እነግራቸዋለሁ፤ ጠይቀዋልና።

አንድ ስደተኛ መምህር
ሎሎጎ፣ ጁባ