ኳሷ ከጆንያው በስተጀርባ

አንድ ቤት ማንን እንደሚያከብር ለማወቅ ባለቤቱን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ዕቃዎቹ የተቀመጡበትን ስፍራ ማየት ይበቃል፡፡ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በአንጋጫ ኑሮው ትንሽ ደልደል ካለ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ባለመስታወት ቡፌ አይጠፋም፡፡ በውስጡ ተጠጥቶባቸው የማያውቁ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፡፡ ከፊት ለፊቱ ቴሌቪዥን አለ፤ ቅዳሜ ሲመጣ የእንግሊዝ ኳስ ይታይበታል፡፡ የቤቱ ልጆች የሚጫወቱባት ኳስስ የት ናት? ከጓሮ፣ ከቆርቆሮው መጠለያ ሥር፣ ከሲሚንቶ ጆንያ በስተጀርባ፣ ነፍሷ ወጥቶ ተኮማትራ ተኝታለች፡፡ የሌሎችን ጨዋታ ሳሎን አስገብተን የራሳችንን ጓሮ ጥለናል፡፡ ይህ አቀማመጥ መለወጥ አለበት እላለሁ፡፡

በእኛ ዘንድ ጋራዥ ሲባል ቶሎ በዓይነ ኅሊና የሚመጣው እጁ ግራሶ የነካው መካኒክ ነው፡፡ መኪና የሚያድርበትን ክፍል በዚህ ስም የምንጠራ ጥቂቶች ነን፡፡ ይሁን እንጂ ባጃጅ ወይም ሞተር ብስክሌት ያለው ቤተሰብ ከግቢው ጥግ አንድ የቆርቆሮ ጥላ አያጣም፡፡ ጥላው ለባጃጁ ተብሎ ይሠራ እንጂ ውሎ አድሮ ስፍራ ላጣ ዕቃ ሁሉ መጠጊያ ይሆናል፤ ያረጀ ጎማ፣ የዘይት ጄሪካን፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ማጭድ፣ አካፋ፣ ከእነርሱም ሥር አንድ እግሩ የጠፋ ታኬታ፣ የተተበተበ መረብ፣ ሰንሰለቱ የወለቀ የልጅ ብስክሌት፡፡ ይህን ሁሉ «አለን» እንላለን፡፡ ነገር ግን ሲፈለግ የማይገኝ ዕቃ ምኑ አለ ይባላል? ቢኖርም እንደሌለ ነው፡፡ ልጁም ጆንያ ሲያገላብጥ የጨዋታው ሰዓት ያልፍና ተስፋ ቆርጦ ወደ ስልኩ ይመለሳል፡፡

አበው «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት ለዚህ ነው፡፡ የስፖርት ዕቃ ከመጫወት ይልቅ በአጉል አቀማመጥ ቶሎ ያልቃል፡፡ ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ክረምቷ ርጥብ ነው፡፡ በርጥበት የተቀመጠ ቆዳ ይሻግታል፣ ስፌቱም ይለቃል፡፡ በበጋ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚታፈነው ሙቀት የታኬታውን ማስቲሽ ያላቅቃል፡፡ የመረብ ኳስ መረብ ርዝመቱ እስከ 10 ሜትር ይደርሳል፤ በእንጨት ላይ ካልተጠቀለለ በቀር ፈትቶ ለመዘርጋት ግማሽ ቀን ይፈጃል፡፡ መፍትሔው ከባድ አይደለም፡፡ ጭቃው ሳይደርቅ ታኬታውን መጥረግ፣ ውስጡን በአሮጌ ጋዜጣ ሞልቶ በጥላ ማድረቅ፤ ኳሷን ከመንፋት በፊት የፓምፑን መርፌ ማርጠብ፤ መረቡን ጠቅልሎ ከፍ አድርጎ መስቀል፡፡ ለእግር ኳስ የተወሰነው ዙሪያ ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህም ማለት ከዳር እስከ ዳር 22 ሳንቲ ሜትር ያህል፡፡ የመረብ ኳስ ከዚያም ታንሳለች፡፡ እንግዲህ ኳስ ከቤታችን የምትለምነው ስፍራ አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም!

ዕቃ ማኖር ለዚህ አገር ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም፡፡ የሀዲያና የከምባታ እናቶች የተፋቀውን እንሰት በቅጠሉ ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ያኖሩታል፤ የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደሚከፈትም ያውቃሉ፡፡ ቃጫውን ለይተው፣ አድርቀው፣ ለገመድ ያስቀምጡታል፡፡ ለቆጮው ስፍራና ጊዜ የወሰነ ቤተሰብ ለኳሷ አንድ መስቀያ ምስማር ያጣበት ምክንያት የዕውቀት ማነስ አይደለም፡፡ ጨዋታን ከቁም ነገር ስለማይቆጥር ነው፡፡

«ድሃ ቤት ስለ ታኬታ አያያዝ ማውራት ቅንጦት ነው፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፎ የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም፡፡ እውነት ነው፤ አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸንፏል፡፡ ነገር ግን በ1964 ቶኪዮ ላይ ዳግም ሲያሸንፍ ጫማ አድርጎ ነበር፡፡ የመጀመሪያውን እየተረክን ሁለተኛውን የምንዘነጋው ስለ ምን ይሆን? ደግሞስ ማጣት ለዝርክርክነት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ሁለተኛ ኳስ መግዛት የማይችል ቤት ነው አንዲቷን አብልጦ መጠበቅ ያለበት፡፡

መጠበቅ ማለት ግን መቆለፍ አይደለም፡፡ «ትምህርቱን ይጨርስ» ብለው ኳሷን ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቆልፉ ወላጆች አሉ፡፡ በባንክ እንደሚሠራ ሰው ስለ ቁልፍ ጥቂት ልናገር፤ ካዝና የሚያስፈልገው ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ለሚፈለግ ነገር ነው፡፡ ኳስ ካልተንቀሳቀሰች ደግሞ ዋጋ የላትም፡፡ ስለዚህ መስቀያው ከበሩ አጠገብ፣ በልጅ ቁመት ይሁን፡፡ ወንዱም ሴቷም፣ ትንሹም ትልቁም ማንንም ሳይለምኑ አንሥተው ይውጡ፤ ሲመለሱም ጠርገው በስፍራው ይስቀሉ፡፡ በተለይ ሴት ልጅ! ዕቃው ከጆንያ ሥር ሲሆን ፍለጋው የወንድሟ፣ ጆንያውን መልሶ መደርደሩ የእርሷ ይሆናልና፡፡

ሀዲያ ሆሳዕና በአገሪቱ ፕሪሚየር ሊግ ሲሰለፍ አይተናል፤ ሀምበሪቾ ዱራሜም በ2016 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ከዚያው ሊግ ደርሶ ነበር፡፡ በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም የሚጮኸው ሕዝብ የስፖርት ፍቅር ጎድሎታል የሚል የለም፡፡ የጎደለው ፍቅሩን ከስታዲየም ወደ ቤቱ ይዞ መመለስ ነው፡፡ ለቡድኑ ጉሮሮው እስኪዘጋ የጮኸ አባት ግቢው ሲገባ ጆንያውን ገለጥ ያድርግ፤ ከሥሩ የምትወጣዋንም እንዲህ ይበላት፦

ሆድሽ እህል አይሻ፣ ነፋስ የሚበቃሽ፣
መኝታሽ ቢለካ፣ ከክንድ የማያልፍሽ፣
ምን አጥፍተሽ ኖሯል፣ ጓሮ የተጣልሽ?
ነይ ወደ በራፉ፣ ልጆች እንዲያገኙሽ፡፡