አሠሪው ማን ነው?

ፌስቡክ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ዛቻ ወይም የሬሳ ቪዲዮ ያየ ሰው «ሪፖርት» የምትለውን ነክቶ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ማን ዘንድ እንደሚደርስ የሚያስብ ጥቂት ነው። ለዓመታት ይደርስ የነበረው ናይሮቢ ነው። ሳማ በሚባል ኩባንያ ቢሮ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሌሎች የአፍሪካ ቋንቋዎችን የሚያነቡ ወጣቶች፣ እኛ ፊታችንን የምናዞርበትን ነገር እያዩ ይቆይ ወይም ይጥፋ ብለው ይወስኑ ነበር። ከነሱ መካከል ከኢትዮጵያ የሄዱም ነበሩ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ምን ሲያዩ እንደዋሉ መገመት አያቅትም።

ደመወዛቸውን ይከፍል የነበረው ሳማ ነው። ሥራውን፣ መመሪያውንና መሣሪያውን ይሰጥ የነበረው ደግሞ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ። ይህን አሠራር አዲስ አበባም አሳምረን እናውቀዋለን፤ በኤጀንሲ የተቀጠረ የባንክ ጥበቃ ባንኩን «መሥሪያ ቤቴ» ይለዋል፣ ባንኩ ግን እሱን ሠራተኛዬ አይለውም። ልዩነቱ ጥበቃው ቢያንስ ባንኩን በዓይኑ ማየቱ ነው።

የኔ ክርክር ይህ ነው፦ በቴክኖሎጂው ዘርፍ የሚቋቋም የሠራተኛ ማኅበር ስለ ደመወዝ ከመደራደሩ በፊት የሚጠብቀው ሌላ ሥራ አለ። አሠሪውን ፈልጎ ማግኘት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ እዚህ ግን አንበሳው የቱ እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ይህን መጀመሪያ ዋጋ ከፍሎ ያሳየው ደቡብ አፍሪካዊው ዳንኤል ሞታውንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በሳማ ተቀጥሮ ብዙም ሳይቆይ፣ ከመቶ የሚበልጡ ባልደረቦቹን አስተባብሮ የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አቀረበ። ኩባንያው የሥራ ባልደረቦቹን አስፈራርቷል ብሎ አባረረው። ጉዳዩ ዓለም ጆሮ የደረሰው በ2022 መጀመሪያ ታይም መጽሔት ሲያወጣው ነው፤ አንዳንዶቹ ሠራተኞች በሰዓት የሚያገኙት 1.50 ዶላር አካባቢ እንደነበረም ያኔ ታወቀ። በዚያው ዓመት ሞታውንግ ሳማን ብቻ ሳይሆን ሜታንም ናይሮቢ ፍርድ ቤት ከሰሰ። የሜታ መልስ አጭር ነበር፤ ኬንያ ውስጥ ቢሮ የለኝም፣ አሠሪውም እኔ አይደለሁም፣ ስለዚህ እዚህ ልከሰስ አልችልም።

በ2023 መግቢያ ሳማ ከይዘት ቁጥጥር ሥራ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ 260 ያህል ሠራተኞች ሥራቸውን ሊያጡ ሆነ። ሥራው ማጆሬል ለሚባል ሌላ ኮንትራክተር ሲተላለፍ የቀድሞዎቹ የሳማ ሰዎች በሩ ተዘጋብን አሉ። 184 የሚሆኑት ተሰባስበው ከሰሱ። በዚያው ዓመት ሜይ 1 ቀን፣ በዓለም የሠራተኞች ቀን፣ ከ150 የሚበልጡ ይዘት ተቆጣጣሪዎች ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ ይዘት ተቆጣጣሪዎች የሠራተኛ ማኅበር እንዲመሠረት ድምፅ ሰጡ።

እኔን የሚገርመኝ የተሰበሰቡት ሰዎች ማንነት ነው። ሁሉም የአንድ ኩባንያ ሰዎች አልነበሩም። ለፌስቡክ የሠሩ፣ ለቲክቶክ የሠሩ፣ የቻትጂፒቲን መርዝ ያጠሩ፣ ከሥራ የወጡና በሥራ ላይ ያሉ አንድ ላይ ተቀመጡ። በተለመደው የማኅበር ወግ ይህ ግራ ያጋባል፤ ማኅበር ያለው ፋብሪካው ውስጥ ነው፣ የሚደራደረውም ከፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጋር ነው። እነዚህ ግን ፋብሪካው በአንድ ማስታወቂያ ከእግራቸው ሥር ሲነሳ አይተዋል። ስለዚህ የተሰባሰቡት በመሥሪያ ቤት ሳይሆን በሙያ ነው። ትክክልም ነበሩ።

ከአንድ ወር በኋላ፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ ዳኛ ባይራም ኦንጋያ በሰጡት ጊዜያዊ ትእዛዝ ዋናው አሠሪ ሜታ እንደሆነ፣ ሳማ ወኪል ብቻ እንደነበረ አስፍረዋል። በ2024 መስከረም ደግሞ የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሜታ እዚያው ሊከሰስ ይችላል ሲል አጸና። ሥራ አጥ የሆኑ ወጣቶች በዓለም ከታወቁት ሀብታም ኩባንያዎች አንዱን «አሠሪ» አሰኙት። በዚያው ዓመት መጨረሻ በ184ቱ ክስ ውስጥ የቀረበው የሐኪም ሪፖርት ከ140 በላይ በሚሆኑት ከሳሾች ላይ ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም ማግኘቱን ገልጿል። መጀመሪያ ሥራ ሲገቡ ያዩትን ለቤተሰብ እንኳ እንዳይናገሩ የምስጢር ውል ፈርመው የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ከኢትዮጵያ የሄዱት ላይ ሌላም ቀንበር ነበር። የውጭ አገር ሰው የሥራ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው። ሥራ አጣ ማለት መኖሪያ አጣ ማለት ነው፤ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ወደየት ይመለሳል? ማኅበር መግባት የሚያስፈራው ደመወዝ ስለሚያስቆርጥ ብቻ አልነበረም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠሩ እህቶቻችን ይህን ሳይነገራቸው ይረዱታል።

አሁን ወደ ጠንካራው ተቃውሞ ልምጣ። ማኅበር ሲበረታ ሥራው ይሸሻል ይባላል። የኬንያው ፕሬዝዳንት ዊልያም ሩቶ ራሳቸው በ2024 መጨረሻ ከውጭ ሥራ ተቀባይ ኩባንያዎች እንዲህ ካለ ክስ የሚድኑበት የሕግ ለውጥ እንዳለ በአደባባይ ተናግረዋል። ተቃውሞው ባዶ አይደለም፤ ሥራው በእርግጥ ሄዷል፣ በ2025 የሜታ ይዘት ተቆጣጣሪዎች ጋና፣ አክራ ውስጥ እንደሚሠሩ ተዘግቧል። ማኅበሩ ያንን የሥራ ቦታ አላዳነም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ከአክራም ያንኑ የሚመስል አቤቱታ ለመሰማት ጊዜ አልወሰደበትም። በ2025 ሚያዝያ ከኬንያ፣ ከጋና፣ ከቱርክ፣ ከፖላንድ፣ ከኮሎምቢያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ማኅበራት ናይሮቢ ላይ ዓለም አቀፍ ጥምረት መሥርተዋል። ሥራው አገር ከቀየረ ማኅበሩም አገር ማቋረጥ አለበት፤ ሌላ መንገድ አይታየኝም።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ ነው የሚል ካለ ጉግልን ይመልከት። በ2019 ኒውዮርክ ታይምስ እንደዘገበው በጉግል ስም የሚሠሩት ጊዜያዊና የኮንትራት ሠራተኞች 121 ሺህ ሲሆኑ ቋሚዎቹ 102 ሺህ ነበሩ። በ2021 ጥር የተመሠረተው የአልፋቤት ሠራተኞች ማኅበር ለሁለቱም በሩን የከፈተው ለዚህ ነው። የመደራደር ሕጋዊ እውቅና ሳይጠብቅ፣ ጥቂት መቶ ሰዎች ይዞ ተነሳ።

እኛ ዘንድ መንግሥት አምስት ሚሊዮን ኮደር አሠለጥናለሁ ብሏል። መልካም። ከሠለጠኑት ውስጥ ስንቱ መደበኛ ደመወዝተኛ ይሆናል? ብዙው ቤቱ ተቀምጦ፣ ስሙን በማያውቀው ደንበኛ ትእዛዝ፣ ሥዕል እየለየና ድምፅ እየገለበጠ በቁራጭ የሚከፈለው ነው የሚሆነው ብዬ እፈራለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ይፈቅዳል፤ ከአሥር በታች በሆኑ ድርጅቶች ያሉትም ተሰባስበው አጠቃላይ ማኅበር እንዲያቋቁሙ መንገድ ከፍቷል። ይህ ሁለተኛው በር ለቴክኖሎጂ ሠራተኞች የተሰፋ ይመስላል፤ በየትንንሹ ስታርትአፕ አራትና አምስት ሆነው የሚሠሩ ፕሮግራመሮች ዛሬውኑ ሊገቡበት ይችላሉ። በራሱ ኃላፊነት እንደሚሠራ የሚቆጠረውን ግን አዋጁ ከነጭራሹ ውጭ ይተወዋል፤ ኩባንያዎቹም ሰዉን በዚያ መደብ መመዝገብ የሚወዱት በዚህ ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ይህን የአዋጁን አንቀጽ ለማስለወጥ እስኪጮህ ድረስ መጠበቅ አያስፈልግም። የናይሮቢዎቹም አልጠበቁም። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያሉ ሃያ ሥራ ተቀባዮች ለየትኛው ኩባንያ፣ በማን በኩል፣ በስንት ዋጋ እንደሚሠሩ እርስ በርስ ቢነጋገሩ፣ ያ ዝርዝር ብቻውን ዛሬ ማንም እጅ የሌለ መረጃ ነው።