ስለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ግዢ የቀረበ አስተያየት



የስፖርት ክፍላችን ለጂዳው የዒላማ ተኩስ ቡድን ቀይ ነጥብ ያለው የሽጉጥ ማነጣጠሪያ ከጋራ ገንዘባችን እንዲገዛ ሐሳብ ማቅረቡ ይታወቃል። ሐሳቡ በቅን ልቡና የቀረበ ለመሆኑ አንዳች ጥርጣሬ የለኝም። ሆኖም በስብሰባው ላይ የተካሄደው ክርክር «የትኛው ዓይነት ይሻላል?» በሚለው ላይ ብቻ ተወስኖ ስለ ቀረ፣ ከዚያ በፊት መነሣት የነበረበት ጥያቄ ሳይነሣ አልፏል። ይኸውም መሣሪያው ለየትኛው ዐይንና ለየትኛው ውድድር ነው የሚለው ነው። ሕክምና የምማር እንደ መሆኔ መጠን በተለይ ስለ ዐይኑ የምለው አለኝ፤ ገንዘቡም የሁላችንም ስለሆነ ዝም ማለቱን አልመረጥሁም።

በመጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ በአጭሩ እንመልከት። በተራው ሽጉጥ ላይ ተኳሹ ሦስት ነገሮችን ባንድ መስመር ማዋል አለበት፤ የኋላውን ስንጥቅ፣ የፊቱን ብረትና ዒላማውን። የሰው ዐይን ግን በተለያየ ርቀት ያሉ ሦስት ነገሮችን ባንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት አይችልም። ስለዚህ የሠለጠነ ተኳሽ የፊቱን ብረት አጥርቶ ያይና ዒላማው እንዲደበዝዝ ይተወዋል። ቀዩ ነጥብ ይህን ችግር ያቃልላል። ከትንሽ መብራት የሚነሣው ብርሃን ከጎበጠ መስተዋት ላይ ነጥሮ ትይዩ ሆኖ ወደ ዐይን ስለሚገባ፣ ነጥቡ በሩቅ ያለ ይመስላል፤ ተኳሹም ዒላማውን አጥርቶ እያየ ነጥቡንም ያያል። ከሌዘር ጋር መምታታት የለበትም፤ በዒላማው ላይ የሚያርፍ ብርሃን የለም፣ ነጥቡን የሚያየው ተኳሹ ብቻ ነው። ሐሳቡም እንደሚባለው የትናንት አይደለም። የደብሊኑ ሃዋርድ ግራብ የፈጠራ መብት ያወጣበት እ.ኤ.አ. በ1900 ነበር፤ በባትሪ የሚሠራውን ለገበያ ያቀረበው ደግሞ የስዊድኑ ኤምፖይንት ኩባንያ በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። አያቶቻችን በውጅግራና በምንሽር ሲያልሙ ከስንጥቅና ከብረት በቀር ሌላ አልነበራቸውም፤ ይህን የምለው ግን የድሮው ሁሉ ይሻላል ለማለት አይደለም።

እንግዲህ ወደ ዐይኑ እንምጣ። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው የዐይን ሌንስ ገና ልስልስ ስለሆነ፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ ያለ ችግር ይለዋወጣል። ከአርባ ዓመት ወዲያ ሌንሱ እየደነደነ ይሄዳል፤ አባቶቻችን ጋዜጣውን ክንዳቸውን ዘርግተው የሚያነቡት በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ላለ ሰው በተዘረጋ ክንድ ጫፍ ያለው የፊት ብረት ይደበዝዝበታል፤ ቀዩ ነጥብም ትልቅ እፎይታ ነው። ከቡድናችን ውስጥ ግን ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ቢገኝ አንድ ወይም ሁለት ነው። ለሌሎቻችን መሣሪያው ዐይናችን ያለ ድካም የሚሠራውን ሥራ የሚሠራልን ምርኩዝ ነው።

ሁለተኛው ነገር የውድድር ሕግ ነው። ብዙዎቹ አባሎቻችን ወደፊት በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ለመወዳደር እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ሕግ ግን በሽጉጥ ውድድሮቹ ክፍት ማነጣጠሪያ ብቻ ይፈቅዳል፤ የሚያጎላ መነጽር፣ ሌዘርም ሆነ የብርሃን ነጥብ በሽጉጡ ላይ መግጠም ክልክል ነው። የሚፈቀደው ተኳሹ ራሱ የሚያደርገው የዐይን መነጽር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ሳውዲ ዐረቢያን ወክሎ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ የተወዳደረው አታላህ አል አነዚ በዚሁ ሕግ ነው የተኮሰው። በአሜሪካኖቹ የዒላማ ውድድርና በአንዳንድ የፍጥነት ተኩስ ዘርፎች ቀዩ ነጥብ መፈቀዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን እኛ የምንለማመደው ለእነዚያ አይደለም።

እዚህ ላይ የ2024ቱን የፓሪስ ኦሎምፒክ ፎቶግራፎች ማንሣት ግድ ይሆናል፤ በስብሰባው ላይም ተነሥተዋልና። አንዱ ወገን ኮሪያዊቷ ኪም ዬጂ በዐይኗ ላይ ያደረገችውን መሣሪያ እያሳየ «ያለ መሣሪያ ሜዳልያ የለም» አለ። ሌላው ወገን ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ በተራ መነጽር ሲተኩስ እያሳየ «መሣሪያ ከንቱ ነው» አለ። ሁለቱም ብር ነው ያገኙት፤ እርሷ በግል፣ እርሱ ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በድብልቅ ውድድር። ክርክሩን ሊዘጋ የሚገባው ነጥብ ግን አልተነገረም፤ በሁለቱም ሽጉጥ ላይ የነበረው የብረት ማነጣጠሪያ ነው። የኪም መሣሪያ ያረፈው ዐይኗ ላይ እንጂ ሽጉጧ ላይ አይደለም።

ለማስተማሪያነት ይጠቅማል የሚለውን ክርክር ግን አልንቅም። ጀማሪ ቃታውን ሲነጥቅ ነጥቡ ዘልሎ ሲሄድ በገዛ ዐይኑ ያያል፤ አሠልጣኝ መቶ ጊዜ ከሚነግረው ይልቅ ይህ ይገባዋል። ለዚህ ሲባል አንድ ይገዛ ከተባለ እንኳ፣ ማስታወቂያ አይተን ሳይሆን ሒሳብ ሠርተን እንግዛ። የነጥቡ ስፋት የሚለካው በማእዘን ደቂቃ ነው፤ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው። አንዷ ደቂቃ በ10 ሜትር ላይ ወደ 2.9 ሚሊሜትር ትሸፍናለች። የአየር ሽጉጥ ዒላማ ዐሥር ቁጥሩ 11.5 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው፣ ባለ 6 ደቂቃው ነጥብ 17 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ ዐሥሩን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። ባለ 2 ደቂቃው ግን 6 ሚሊሜትር አይሞላም። በ25 ሜትር የሚተኩስ ሰው ባለ 6 ደቂቃውን ቢመርጥ አይወቀስም፤ እዚያ ዐሥሩ 50 ሚሊሜትር፣ ነጥቡ 44 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ሻጮች የማይነግሩን ሌላ ነገር አለ። «ዐይንህ የትም ይሁን ነጥቡ ባለበት ይመታል» ይላሉ። ይህ ለሩቅ ዒላማ ነው። ማነጣጠሪያው ለሩቅ የተስተካከለ ከሆነ፣ ዐይን ከመስተዋቱ መካከል በ8 ሚሊሜትር ቢርቅ በቅርብ ዒላማ ላይ ስሕተቱ ወደዚያው 8 ሚሊሜትር ይጠጋል። በአየር ሽጉጥ ዒላማ ላይ ደግሞ 8 ሚሊሜትር ማለት ድፍን አንድ ነጥብ ነው። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ የውድድር የአየር ሽጉጦች ማነጣጠሪያ የሚገጠምበት ሐዲድ ከላያቸው የላቸውም፤ የምንጠቀምባቸው ሽጉጦች ደግሞ የኪራይ ስለሆኑ መቦርቦር አንችልም። ስለ ባትሪውና በጂዳ ሐምሌ ተዘግቶ በቆመ መኪና ውስጥ ስለሚደርስበት ሙቀት ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልመለስ። ባለፉት ሳምንታት ከአንድ አባል የተዋስነውን ማነጣጠሪያ ስንሞክር ሦስት ልጆች «ነጥቡ ክብ አይደለም፣ ጅራት አለው» ብለው ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው በሚል ተሳስቀው አለፉት። ውዱ እንዲገዛ የተባለውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። ርካሽ ዕቃ ነጥብን ሊያበላሽ ይችላል፤ መብራቱ ከመጠን በላይ ሲደምቅም ነጥቡ ይፈነጥቃል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ያለው ዐይን ውስጥ ነው። የዐይን ፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያ የምንለው፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ካልጎበጠ ብርሃን ባንድ ነጥብ ላይ አይሰበሰብም፤ ክቡ ነጥብ ኮከብ ወይም ጭረት መስሎ ይታያል። ይህ አስቲግማቲዝም ይባላል። መለየቱ ቀላል ነው። ማነጣጠሪያውን ከሽጉጡ ፈትታችሁ ያዙትና ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩት። ጅራቱ ከዕቃው ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የዕቃው ነው፤ ዕቃው ሲዞር ጅራቱ ባለበት ከቆመ የዐይናችሁ ነው። በሁለቱም ዐይን ለየብቻ ሞክሩት።

አብዛኛው አስቲግማቲዝም በመነጽር የሚታረም ተራ ነገር ነው። ጥቂቱ ግን እንዲህ አይደለም። ኬራቶኮነስ የሚባል ሕመም አለ፤ ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል። የሚጀምረው በአብዛኛው በጉርምስናና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ማለትም በእኛ ዕድሜ ነው። ዐይንን አዘውትሮ ማሸት ያባብሰዋል፤ በአለርጂ ዐይናቸው የሚያሳክካቸው ሰዎችም ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ በዚህ አገር አቧራ ስንቶቻችን ዐይናችንን ስናሽ እንደምንውል ዙሪያችሁን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በሪያድ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 21 ዓመት የሆኑ 522 ታካሚዎችን ያየ ጥናት ከመቶው ወደ 5 በሚጠጉት ላይ ይህን ሕመም አግኝቷል። ታካሚዎቹ ሆስፒታል የመጡት በሌላ ምክንያት ነበር። ይህ የሪያድ ወጣቶች ቁጥር እንጂ የእኛ አይደለም፤ ይሁንና ልንንቀው አይገባም።

የዚህ ሕመም ክፋቱ በመጀመሪያ ተራ የመነጽር ጉዳይ መምሰሉ ነው። ተማሪው በየስድስት ወሩ መነጽር ይለውጣል፤ ሌሊት የመኪና መብራት ይበተንበታል፤ ጥናት በዝቶብኝ ነው ብሎ ያልፈዋል። በጊዜው ከተገኘ ግን በቫይታሚን ቢ2 ጠብታና በአልትራቫዮሌት ብርሃን ኮርኒያውን በማጠንከር እንዳይባባስ ማድረግ ይቻላል። የጠፋውን እይታ ሙሉ በሙሉ የሚመልስ ሳይሆን የቀረውን የሚያስጠብቅ ሕክምና ነው፤ ስለዚህ ከዘገየ ጥቅሙ ያንሳል፤ ከባድ ሲሆን ኮርኒያ እስከ መቀየር ይደርሳል። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ እነዚያ ሦስት ልጆች ምን እንዳለባቸው ልነግራቸው አልችልም። ኮርኒያቸው ቢለካ ግን ያለ ሕመም በጥቂት ደቂቃ ይታወቃል። ለዚህ ምርመራ የሚሆነውን ገንዘብ ለመስተዋት ልናውለው ነው።

ስለ ሕጉም ጥቂት ልበል። አንድ ወንድማችን ዕቃውን ከውጭ በፖስታ ላስመጣ ብሏል። የሳውዲ ዐረቢያ የጦር መሣሪያና የጥይት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሲሆን መሣሪያንም ሆነ ክፍሎቹን ያለ ፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል። ማነጣጠሪያ ከክፍል ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለውን በጉምሩክ ቆጣሪ ፊት ቆሞ መከራከር ለነፃ ትምህርት ተማሪ የሚመከር አይደለም፤ ፓስፖርታችንም ትምህርታችንም የተያያዙት ከመኖሪያ ፈቃዳችን ጋር ነው። አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቅ። ከመካ ለልምምድ የምትወርዱትም ዕቃውን ተራ በተራ ይዘን እንሂድ ያላችሁትን ተዉት። በሐረም ክልል ያለ አስፈላጊ ምክንያት መሣሪያ መያዝ በሐዲስ የተከለከለ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ከ1979ኙ የታላቁ መስጊድ ወረራ በኋላ ደግሞ ጥበቃው ቀልድ አያውቅም። ማነጣጠሪያ ብቻውን መሣሪያ ባይሆንም በቦርሳ ውስጥ ሲገኝ የሚያስከትለው ጥያቄ መሣሪያው ከሚያስከትለው ብዙም አያንስም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። የማነጣጠሪያው ግዢ ይቅር። ለእርሱ ከታሰበው ገንዘብ አስቀድሞ ነጥቡ ጅራት ያወጣባቸው ልጆች፣ እንዲሁም ባለፈው ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ መነጽር የለወጠ ማንኛውም አባል፣ ተኳሽ ይሁን አይሁን፣ ኮርኒያው ይለካለት። ከተረፈው ላይ የጆሮ መከላከያ ይገዛ፤ በ25 ሜትሩ መስመር ላይ ጥጥ ወትፈው የሚተኩሱ አሉ። ለጀማሪዎች ማስተማሪያ ያ የተዋስነው ማነጣጠሪያ ይበቃል፤ ባለቤቱም ፈቅዷል። ዕድሜው የገፋ አባል ለራሱ በራሱ ገንዘብ መግዛት ከፈለገ፣ ከላይ ያለውን ሒሳብ አብረን እንሠራለን።

ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ከመካ መምጣት የማትችሉ ውክልናችሁን እስከ ሐሙስ ማታ ላኩ፤ ዐይናቸውን ለመለካት የሚፈልጉም ስማቸውን በዚያው ወረቀት ጀርባ ይጻፉ።