ባሕረ ሐሳብ ከሒሳብ ክፍል ደጅ አይቁም

መስከረም 1 ቀን በየካም ሆነ በእንጦጦ ካሉት አድባራት ባንዱ ያስቀደሰ ሰው፤ ሊቁ የዓመቱን ወንበር፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲያውጁ ይሰማል። የነነዌ ጾምና የፋሲካ ቀን የሚገኙትም ከዚያው ስሌት ነው። ያው ሰው የሒሳብ ተማሪ ከሆነ፤ ከተራራው ሥር አራት ኪሎ ተቀምጦ ተገላቢጦሽ ስላላቸው ቁጥሮች ግሩፕ ይማራል። ሁለቱ ትምህርቶች ግን እንደማይተዋወቁ ጎረቤቶች ናቸው።

እኛም ትርጓሜውን ለፈተና ሸምድደን፤ ከፈተናው በኋላ እንረሳዋለን። ምክንያቱ የአእምሮ ድካም አይመስለንም፤ ቁጥሮቹ ከምናውቀው ነገር ጋር ስላልተገናኙልን ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። በ2017 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስለት ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩ በጥንተ አበቅቴ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፤ በጥንተ መጥቅዕ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይሆናል።

አሁን ነገሩን እንገልብጠው። አበቅቴውን ብቻ የሰማ ሰው ወንበሩን ሊያገኝ ይችላልን? ይችላል። አበቅቴውን እንደ ገና በ11 አባዝቶ በ30 ቢገድፈው 11 ይመለስለታል። ምክንያቱም 11 በ11 ሲባዛ 121 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 1 ይተርፋል። ስለዚህ 11 ለራሱ ተገላቢጦሽ ነው። 19ም እንዲሁ፤ 361 በ30 ሲገደፍ ትራፊው 1 ነው። በ11 ፈንታ 10 ቢሆን ኖሮ ግን፤ ወንበር 1 እና ወንበር 4 ሁለቱም አበቅቴ 10 ይሰጡ ነበር፤ መመለሻም መንገድ ባልተገኘ ነበር።

መመለሻ ያላቸው ከ30 ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስምንቱ ናቸው፤ እነሱም 1፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23 እና 29። ከነዚህ ማናቸውንም ሁለት አባዝተን በ30 ብንገድፍ ከስምንቱ አንዱ እንጂ ሌላ አይወጣም። እያንዳንዱም ተገላቢጦሹን እዚያው ያገኛል፤ 7 ከ13 ጋር፤ 17 ከ23 ጋር። ግሩፕ የሚባለው እንዲህ ያለው ቤተ ሰብ ነው። በ19ኙ ዓመት ዑደት ውስጥ አንድ አበቅቴ ሁለት ጊዜ የማይመጣውም፤ 11 ከዚህ ቤት ስለ ሆነ ነው።

አባቶች የግሩፕን ትምህርት ያውቁ ነበር አንልም። ስሌቱን አጥርተው አቆዩልን፤ ለምን እንደሚመለስ የሚያስረዳን ግን የዛሬው ትምህርት ነው። ስለዚህ ባሕረ ሐሳብን «የቄስ ትምህርት» ብሎ የሚንቀውም፤ ግሩፕን «የፈረንጅ ነገር» ብሎ የሚሸሸውም እኩል ተሳስተዋል። ነገሩ የሃይማኖት ነው የሚለን ቢኖር፤ የምንጠይቀው ስሌቱን እንጂ ስብከቱን አይደለም።

መምህሮቻችን ሆይ፤ ከትርጓሜው በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለወንበርና ለአበቅቴ ስጡን። ጓደኞቻችን ሆይ፤ በየክፍላችን በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ ልጆች ከኋላ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ከሰሌዳው ፊት እናውጣቸው። በመጪው መስከረም አበቅቴው ሲታወጅ፤ ወንበሩን ሳንጠይቅ እንድናገኘው ያስተምሩናል፤ እኛም ለምን እንደሚገኝ እንነግራቸዋለን።