ድንኳን ያልተተከለለት ሐዘን

ይድረስ ለደሃና ወረዳ የአገር ሽማግሌዎች፣ ለንስሐ አባቶችና ለክርስትና ወላጆች፣ ለፍርድ ቤት ዳኞች፣ ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች
አምደወርቅ

በአምደወርቅ ሰው ሲሞት ማንም ብቻውን አያለቅስም። ድንኳን ይተከላል፤ እድርተኛው ይሰበሰባል፤ ጎረቤት እንጀራውን ተሸክሞ ይመጣል፤ ንስሐ አባት ይጸልያሉ። ሠልስት፣ አርባ፣ ተዝካር ተብሎ ቀን ይቆረጣል። ሐዘኑ መግቢያም መውጫም አለው። ልጁ በሕይወት እያለ የተለየው ወላጅ ግን ይህ ሁሉ የለውም። ልጁ እዚያው ማዶ ካለው ቀበሌ ይኖራል፤ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ በገበያ ቀን በመንገድ ያልፋል። እናቱን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። አባቷ ሲጠራት ልጅቷ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ትደበቃለች። ለዚህ ሐዘን እድር አይወጣም፤ «እግዚአብሔር ያጥናህ» የሚል ሰውም አይመጣም።

ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ስለ እነዚህ ወላጆችና ስለ ልጆቻቸው ነው።

አማርኛ ለነገሩ ቃል አለው፤ ልብ ማሸፈት ይባላል። ባልና ሚስት ሲፋቱ ወይም ሲለያዩ ልጁን የያዘው ወገን ሌላውን ከልጁ ልብ ያስወጣል። አንዳንዴ ይህን የምታደርገው እናት ናት፣ አንዳንዴም አባት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ አያትና አክስት ያግዛሉ። አብዛኛው የሚሠራው በዝግታ ነው። «እናትህ ጥላህ ነው የሄደችው።» «አባትሽ ቢወድሽ ኖሮ ይጠይቅሽ ነበር።» ለበዓል የተላከው ልብስ ለልጁ ሳይሰጥ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ስልክ ሲደወል «ተኝቷል» ይባላል። ዐረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት እየሠራች ገንዘብ የምትልክ እናት፣ ሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና መተማ ወርዶ የከረመ አባት፣ አገር ሲገቡ የሚጠብቃቸው ልጅ ስማቸውን በጥርጣሬ የሚሰማ ሆኖ ያገኙታል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወደ ሰቆጣ የተፈናቀለው ሕዝብ ብዙ ነው። ስልክና መንገድ በተቋረጠበት በዚያ ዘመን ከአንዱ ወላጁ የተለየ ሕፃን፣ ዝምታው የጦርነት እንጂ የወላጁ እንዳልነበረ የሚነግረው አዋቂ ያስፈልገዋል። ያ አዋቂ በጎረቤቱ መኖር አለመኖሩን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሌላው መንገድ ደግሞ ስም ነው። እዚህ አገር ልጅ የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው። ስለዚህ አባትን ከልጁ ለመፋቅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ በእናት በኩል ባለው አያት ስም ማስጻፍ ብቻ ይበቃል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጁ ራሱ «አባቴ እገሌ ነው» ብሎ የአያቱን ስም ይናገራል። እናትን ለመፋቅ ይህም አያስፈልግም፤ ስሟ ከልጁ ስም ጋር ቀድሞም አልተጻፈም። አያቱን «እማዬ»፣ የወለደችውን ግን እንደ ታላቅ እኅት በስሟ እንዲጠራት ከለመደ ነገሩ አለቀ።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የገቡበት ያልታወቀ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታለች። ሬሳው አልመጣም፤ ሰውየውም አልመጣም። እነዚህ ሰዎች ማልቀስም ተስፋ ማድረግም ተስኗቸው መሐል ላይ ቆመው አገኘቻቸው። መቋጫ የሌለው እንዲህ ያለ ሐዘን ከሞት ሐዘን ይልቅ እንደሚያደክም ተረዳች፤ ሐሳቧንም እ.ኤ.አ. በ1999 በመጽሐፍ አሳተመች። ሰውየው በአካል ርቆ በልብ የሚኖርበትን ሁኔታ ያየችበት ዓይን፣ ልጁ በአካል እየታየ በልብ ለራቀው ወላጅም ይሠራል። እንዲህ ያለው ወላጅ እንቅልፍ ያጣል፤ ልቡ ይደልቃል፤ ምግብ አይበላለትም፤ ያፍራል። ሰው «ምን ብታደርገው ነው ልጁ የጠላው?» ይለኛል ብሎ ከማኅበሩ ይቀራል፤ ከሰንበቴው ይቀራል። ማታ ማታ አረቄ ቤት ይቀመጣል።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ጦርነት በኋላ የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ሲበር፣ በጦርነቱ ምክንያት ከልጆቻቸው ተለያይተው የኖሩ ወላጆች ተሳፍረው ነበር። አንድ ጡረታ የወጣ ጋዜጠኛ ከአሥር ዓመት በላይ ያላያቸውን ሴት ልጆቹን ሲያገኝ ተንበርክኮ አለቀሰ፤ ፎቶውን ያየ ሁሉ አብሮት አለቀሰ። ያ አባት በሁለት መንግሥታት መሐል የተዘጋ ድንበር ነበረበት፤ ሐዘኑንም አገር ሁሉ አወቀለት። የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ያለ ልጁን ማየት ያልቻለ የደሃና አባት ግን ስለ ሐዘኑ የሚጠይቀው የለም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤውን የሚያነቡ እናቶችም ይህን ቢጠብቁ ትክክል ናቸው። ልጅ ወላጁን የሚሸሸው ሁልጊዜ ልቡ ስለ ሸፈተ አይደለም። ሲደበድቡት የነበረ፣ እናቱ ስትመታ ያየ ልጅ ቢፈራ ፍርሃቱ እውነት ነው። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የነበረው አሜሪካዊው ሪቻርድ ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1985 ልጅን ከወላጅ ማሸፈትን እንደ በሽታ ሰይሞት ነበር። ስያሜው ብዙ ክርክር አስነሣ፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የበሽታዎች መዝገብ አላካተተውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ቃሉን ከራሱ መዝገብ ማውጫ አስወጣው። የተባበሩት መንግሥታት በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት ልዩ ራፖርተር ሪም አልሳሌምም እ.ኤ.አ. በ2023 ባቀረቡት ሪፖርት፣ ይህ ክስ በብዙ አገሮች የተደበደቡ እናቶችን ልጅ ለመንጠቅ እንደ ዋለ ገልጸው ፍርድ ቤቶች እንዳይቀበሉት ጠይቀዋል። ስለዚህ ሽማግሌም ዳኛም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ልጁ ምን አየ?» ብሎ ነው። ድብደባ ካለ ልጁን መጠበቅ ይቀድማል። ድብደባም ቸልታም ሳይኖር በወሬ ብቻ የተሠራ ጥላቻ ከሆነ ግን ያ ራሱ በልጁ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ልጅ ግማሽ ሥጋው ክፉ ነው ተብሎ ሲነገረው ራሱን እንዴት ይወድዳል? አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤሚ ቤከር እንዲህ ባለ ቤት ያደጉ አዋቂዎችን አነጋግራ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ብዙዎቹ ከድብርትና ሰውን ካለማመን ጋር ሲታገሉ እንደኖሩ ጽፋለች።

ሕጉ ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ከአንዱ ወላጁ ተለይቶ የሚኖር ልጅ፣ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር፣ ከሁለቱም ጋር በቋሚነት የመገናኘት መብት ይሰጠዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤት ፍቺን ሲወስን ልጆች ከማን ጋር እንደሚኖሩ ብቻ ሳይሆን ወላጆችና ልጆች እንዴት እንደሚጠያየቁም አብሮ እንዲወስን ያዛል። አማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አውጥቷል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 23632፣ በ2000 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ አባት ነኝ ማለት ብቻውን ልጅን ለመውሰድ እንደማያበቃና የልጁ ጥቅም እንደሚቀድም አስረግጦ፣ ልጁን ላሳደገችው አክስቱ ተወው። የስር ፍርድ ቤቶች ለአባትየው ፈርደው ነበር። የዚህ ውሳኔ ትምህርት ለሁለቱም ወገን ነው፤ ልጅ የማንም ንብረት አይደለም።

ነገር ግን ወደ ደሃና ቀበሌዎች ሲወረድ የሚሆነው ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የሽምግልና ዳኞች ነበሩ፤ ዛሬ ሥልጣኑ የፍርድ ቤት ቢሆንም ሰው መጀመሪያ የሚሄደው አሁንም ወደ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎች በሬውን፣ የንብ ቀፎውን፣ ጎተራውን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ስለ ልጁ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ «ልጁ ከአያቱ ዘንድ ይቆይ» ይባላል። በየትኛው ቀን፣ በማን ቤት፣ ለስንት ሰዓት እናቱን ወይም አባቱን እንደሚያይ አይጻፍም። ልብ ማሸፈት የሚጀምረው ከዚህ ካልተጻፈ መስመር ነው። ባልና ሚስት ተስማምተው ሲፋቱ ስምምነታቸው ለፍርድ ቤት ቀርቦ ይጸድቃል፤ ያን መስመር አስገብታችሁ ብታስጽፉት የሽምግልናችሁ ቃል የሕግ ኃይል ያገኛል።

የጠፋበትን ልጅ የሚጠብቅ ወላጅስ እስከዚያው ራሱን እንዴት ያቆያል? ከሁሉ በፊት ቁጣን በቁጣ አለመመለስ ነው። በአማቶች በር ቆሞ የሚጮኽ፣ ልጁን ከገበያ በጉልበት ጎትቶ የሚወስድ ወላጅ፣ ስለ እርሱ የተወራውን ሁሉ ለልጁ በራሱ እጅ ያረጋግጣል። ስለ ሌላኛው ወላጅ ክፉ አይናገር፤ መልእክትም በልጁ አይላክ። ልጁ «አልወድህም» ቢለው «እሺ፣ እኔ ግን እወድሃለሁ፤ እዚሁ ነኝ» ብሎ መመለስ ከክርክር ይሻላል። በታወቀ ቀንና ሰዓት መደወል፣ ቢዘጋበትም በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት መደወል ያስፈልጋል። ቀለብ የልጁ ነውና «ካላየሁት አልሰጥም» አይባልም። አንድ ደብተር ገዝቶ የደወለበትን፣ የሄደበትን፣ የተከለከለበትን ቀን መጻፍ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል፤ ሌሊት በጭንቅላት የሚዞረውንም ሐሳብ ወረቀት ላይ ያሳርፋል። እድሩን፣ ማኅበሩን፣ ቡናውን አይተው። ሁሉን የሚነግረው አንድ ሰው ይኑረው፤ አንድ ይበቃል። አረቄው እንቅልፍ የሚሰጥ ይመስላል እንጂ እንቅልፍ ይሰርቃል፤ ልጁንም ያርቃል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ድካሙና ተስፋ መቁረጡ ከ2 ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቀጠለ፣ ሥራ ከጠላ፣ «መኖሬ ለምን?» ማለት ከጀመረ ጉዳዩ የጤና ነውና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያወራ ሰው ብቻውን አይተው። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን እንደሚያጠፉ ይገልጻል። ለረጅም ዘመን በአገሩ የነበረው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቋቋመው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ከዋግ ለሚመጣ ሰው ከጨረቃ አይቀርብም ነበር። ዛሬ ግን ነርሶችና የጤና መኮንኖች ድብርትን ለይተው እንዲያክሙ የሚሠለጥኑበት አሠራር አለ፤ ከአቅም በላይ የሆነው ደግሞ ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ መድኃኒቱንም አያቋርጥ። ንስሐ አባቶች ይህን አንድ ቃል ከአፋችሁ ብታወጡ ከሐኪም ምክር በላይ ይሰማል።

በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ ቃል ሲገባ ቃሉን በሰቆጣ ስም ጠራው። የዋግ ልጅ ሰውነት እንዲፋፋ እየተሠራ ነው። ከአባቱ ወይም ከእናቱ የሚቆረጥ የዋግ ልጅ ልቡስ የማን ሥራ ነው?

የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ሆይ፣ እናንተ የአንድ ወገን ሰው አይደላችሁም፤ ለልጁ በእግዚአብሔር ፊት ቃል የገባችሁ ናችሁና ቤታችሁን ልጁና የተለየው ወላጁ የሚገናኙበት ቤት አድርጉት። መምህራን፣ የልጅን የአባት ስም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አትቀይሩ፤ ካርድ ሲሰጥ ሁለቱም ወላጆች እንዲያዩ አድርጉ፤ ድንገት ዝም ያለውን ተማሪ ጠይቁት። ዳኞች፣ የመጠያየቂያውን ቀን በውሳኔያችሁ ላይ በግልጽ ጻፉ፤ ሳይፈጸም ሲቀርም ልጁ ሳያድግ ፈጥናችሁ እዩት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በየቤቱ ስትገቡ «ልጆችሽ የት ናቸው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ዓይኗ እንባ ያቀረረውን እናት ቁጭ ብላችሁ አዳምጧት።

ሽማግሌዎች፣ ለእናንተ የተለየ ልመና አለ። የልጃገረዶች በዓል የሆነው ሻደይ ነሐሴ 16 ይገባል። ልጃገረዶቹ የሻደዩን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ሲወጡ፣ ከሕዝቡ ኋላ ቆማ ልጇን ከሩቅ የምታይ እናት ትኖራለች። ከዚያ ቀን በፊት ባለፉት ዓመታት የፈታችኋቸውን ጋብቻዎች አስታውሱ፤ በየቤቱ ሂዱና ልጁ ማንን እንደማያይ፣ ለምን እንደማያይ ጠይቁ። ድብደባ የሌለበት ሆኖ ካገኛችሁት ሁለቱን ወገኖች ጠርታችሁ አስቀምጡ፤ ለዚያች እናት ወይም ለዚያ አባት ልጁን የሚያዩበትን ቀን ቁረጡላቸው።