ዕድሜው ለገፋ ሯጭ የሚገባ ምክር

ሰው አርባ ዓመት በሞላው ጊዜ ሩጫን የልጆች ሥራ ነው ብሎ መተው በአገራችን የተለመደ ነው። ይልቁንም ቀኑን ሙሉ በችሎትና በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የሚውል ሰው፥ ጉልበቱ በደከመ ጊዜ ዕድሜውን ይወቅሳል እንጂ ወንበሩን አይወቅስም። ዳሩ ግን ነገሩ በማስረጃ ቢመረመር፥ ፍርዱ እንዲህ በችኰላ የሚሰጥ ሆኖ አይገኝም።

የክቡር ዘበኛው ማሞ ወልዴ የተወለደው በ1924 ዓ.ም. ነው። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ በመካከለኛ ርቀት ተወዳደረ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ፥ በ36 ዓመቱ፥ ማራቶንን አሸነፈ። በአርባ ዓመቱ ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. በሙኒክ ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ፥ የሮጠበት ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነበር። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። መንገዱና አየሩ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም፤ ነገር ግን የአርባ ዓመቱ ሰው ከዚያ ከታወቀው ጊዜ በ8 ሰከንድ ፈጥኖ መግባቱ እርግጥ ነው።

በዘመናችንም ቀነኒሳ በቀለ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. በበርሊን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሮጦ ነበር። ሚያዝያ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. በለንደን፥ በ41 ዓመቱ፥ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሁለተኛ ወጣ። በመካከሉ ያለው ልዩነት 2 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ብቻ ነው።

የሰውነት አሠራር እንደሚያስረዳው፥ ዕድሜ ሲገፋ የልብ ከፍተኛው አመታት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሰውነት የሚጠቀምበት ኦክሲጅን ያንሳል። ሥራ ፈትቶ በሚቀመጥ ሰው ላይ ይህ ጉድለት በዐሥር ዓመት ከመቶ ዐሥር ያህል ይሆናል፤ ልምምዱን ባላቋረጠ ሰው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። ጡንቻም ይሳሳል፤ የደከመ ሰውነትም እንደ ጐልማሳነቱ ጊዜ ቶሎ አይጠገንም። እንግዲህ ዕድሜ ጥቂት ይወስዳል፤ መቀመጥ ግን ከዚያ ይልቅ ይወስዳል።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመንዝና በግሼ ደጋ ሽማግሌው በትሩን ይዞ አቀበቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን ወርዶ ገበያ ውሎ ይመለሳል። ከመርሐ ቤቴም ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድና የሚወጣ ሰው ጉልበቱን የሚያጸናው በመንገዱ ነው።

እንግዲህ ዕድሜው የገፋ ሯጭ የሚከተለውን ይጠብቅ። ከሁሉ አስቀድሞ፥ በሚበዙት ቀኖች ከጓደኛው ጋር እየተነጋገረ ለመሮጥ በሚያስችለው ቀስታ ይሩጥ፤ ፍጥነትንም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይለማመድ፤ ከዚያም በኋላ ይረፍ። ሁለተኛ፥ አጭር አቀበት እየመረጠ ይውጣ፤ ቁልቁለቱን ግን ጭኑንና ጉልበቱን እንዳይጐዳው በእግሩ እየተራመደ ይውረድ። ሦስተኛ፥ ከቈላ ወደ ደጋ የሄደ ሰው፥ የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ስለ ሆነ አየሩ ስስ መሆኑን ዐውቆ፥ የመጀመሪያዎቹን ቀኖች በእርምጃ ብቻ ያሳልፍ። አራተኛ፥ ደረቱን ቢያመው፥ ቢያዞረው ወይም ያለ ልማዱ ትንፋሽ ቢያጥረው፥ ወዲያው ቆሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ከጉልበት ይልቅ ቶሎ የሚደክመው ግን ልብ ነው። ትናንት ከኋላ የነበረ ልጅ ዛሬ ሲቀድም ማየት የሚያሳፍረው ብዙ ሰው አለ፤ ስለ ኀፍረቱም ወይ ሩጫውን ይተዋል፥ ወይ ከዐቅሙ በላይ ሮጦ ይታመማል። ለዚህ መድኀኒቱ ሰው ራሱን ከእኩያው ጋር ማስተያየት ነው። በዓለምም የአንጋፋ ሯጮች ውድድር ከ35 ዓመት ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ የዕድሜ ክፍል የሚደረገው ስለዚህ ነው። የሮጠበትንም ቀንና ጊዜ በመዝገብ ቢጽፍ፥ አምና ከነበረው ጋር እያስተያየ ይተጋል።

ማቆምም ሲገባ ማቆም ነውር አይደለም። አበበ ቢቂላ በሜክሲኮ እግሩን ታሞ በ17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ውድድሩን ትቶ ወጣ፤ ስለዚህም ክብሩ አልተቀነሰም። ማሞም ቀጥሎ ድሉን ለአገሩ አስገኘ።

ስለዚህ የቤተ ሰብ አባት የሆነ ሁሉ በሳምንት ሦስት ማለዳ ተነሥቶ ቢሮጥ፥ ጤናውን ይጠብቃል፤ ልጆቹንም ስለ ትጋት በቃል ከመምከር ይልቅ በሥራው ያስተምራቸዋል።